ለአባቴ የላክሁት አጃ

አሁን አሁን አጃ በካርቶን ታሽጎ፣ ፈገግ ያለ ሰው ሥዕል ተለጥፎበት ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «ኮሌስትሮል ይቀንሳል» እያሉ ጠዋት ጠዋት ያበስሉልኛል። «እማዬ፣ ሐኪሙ ያዘዘሽን ብዪ እንጂ!» ይሉኛል። እበላዋለሁ፤ እያንገሸገሸኝ እበላዋለሁ። ጣዕሙን የጠላሁት ይመስላቸዋል። ጣዕሙማ ምን አለበት? ከገብስ የሚርቀው ስንት ነው? እኔ የምጠላው ሌላ ነገር ነው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በነገሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሞተው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝና እንግዲህ ልጻፈው።

ዘመኑ የንጉሡ መንግሥት መጨረሻ ነው። እኔ ቢቸና አስተማሪ ነበርሁ፤ አባቴ ደግሞ ሞጣ የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ሰፊ ሰው ነበሩ፤ ሲቀመጡ ወንበሩ ይጮኽባቸዋል። ተሟጋች ሲያስታርቁ አስታርቀው ብቻ አይለቁም፣ ቤት አስገብተው አብልተው ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የምትለዋን ተረት እንደ ጸሎት ይደግሟት ነበር። ሰውን የሚመዝኑትም በአበላሉ ነው። ቅቤ ሲቀርብለት የሚግደረደር ሰው ካዩ «ይኼ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» ይሉ ነበር።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አክስቴን ፊት ለፊት ከአንድ ቀን በቀር አንቱ ነበር የምላት። እዚህ ግን አንቱ አልላትም፤ ደስ ያላለው አያንብበው። የጓዳውን ቁልፍ በመቀነቷ ቋጥራ ነበር የምትውለው። በገዛ እናቴ ጓዳ አንዲት ማንኪያ ማር ለመላስ እሷን ደጅ መጥናት ነበረብኝ። የእናቴ አርባ በወጣ ማግስት የእናቴን ሻሽ አስራ አየኋት። ያን ቀን ጠላኋት፤ ከዚያ ወዲያ ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

አባቴ የታመሙት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው። ዳገቱ ላይ ደረታቸውን ያዙ፣ ላብ አጠመቃቸው፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በዘመናቸው መንገድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። የሞጣው ክሊኒክ ድሬሰር አዳምጦ «ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ይውሰዷቸው» አለ። ልጃቸው እኔ፣ እንግሊዝኛ የማውቀው እኔ፤ ፈቃድ ጠይቄ ይዣቸው ሄድሁ። ደጀን ስንደርስ «ወደ ዓባይ ባዶ ሆድ አይወረድም» ብለው ጥብስ አዝዘው በሉ። እኔ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ደረታቸውን ይይዙ ይሆን እያልሁ በየጉርሻው አየኋቸው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ ረጅም፣ ፀጉሩ የቀላ፣ ቸኩሎ የሚናገር። ደም ወስዶ ከቀናት በኋላ ጠራን። ወረቀት ላይ ቧንቧ ስሎ ውስጡን በእርሳስ እየሞላ አስረዳኝ። «የአባትሽ ደም ውስጥ ስብ በዝቷል፤ ኮሌስትሮል እንለዋለን» አለኝ። «ልብን የሚያጠጣው ቧንቧ እየተደፈነ ነው። ቅቤ ይተዉ። ጮማ ይተዉ። በየቀኑ በእግራቸው ይሂዱ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አጃ ይብሉ፤ በእኔ አገር ሰው ሁሉ የሚበላው ነው፣ ስቡን ለመቀነስ ይረዳል። ግን ልብ በዪ፤ አጃው የሚረዳው ቅቤው ሲቀር ነው። ብቻውን የትም አያደርሳቸውም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ይላል?»

እኔ አባቴን አውቃቸዋለሁ። ቅቤ ተው፣ ጮማ ተው ቢባሉ ኩታቸውን አጣፍተው ብድግ ነው የሚሉት። «ዕድሜ ልክህን ጹም ካለኝማ ከሐኪም ይልቅ መነኩሴ ይሻለኛል» ብለው ከነጭራሹ አጃውንም እንቢ ይላሉ። ስለዚህ አጃውን አስቀድሜ ላስለምድ፣ ቅቤውን ኋላ ቀስ ብዬ አነሳባቸዋለሁ አልሁ በልቤ። ብልጥ ነኛ! የመምህራን ማሠልጠኛ የጨረስሁ ብልጥ!

«ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል። በየቀኑ አጃ ይብሉ ይላል» አልኋቸው።

«አጃ?»

«አጃ።»

«ይህን ለመስማት ነው ዓባይን የተሻገርሁት? አጃማ በቅሎዬም አላት!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሐኪሙ የእኔ ንግግር ከሱ ንግግር ማጠሩን ታዝቦ «ሁሉን ነገርሻቸው?» አለኝ። አዎ አልሁት። እዚያው፣ ሁለቱም ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ዋሸሁ።

ሞጣ ስንመለስ ለአክስቴ ልነግራት ይገባ ነበር። ማጀቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ቅቤ አንጣሪዋ እሷ፣ ወጥ ሠሪዋ እሷ። ግን ለሷ ማስረዳት መለመን መሰለኝ። በር ላይ ቆሜ እንደ አለቃ አዘዝኋት።

«በየቀኑ አጃ ይብሉ ተብሏል።»

«አጃ? ገብስ ስናበጥር ለይተን ለአህያ የምንደፋውን?»

«እሱኑ።»

«ወንድሜ አህያ ነው?»

«ሐኪም ነው ያዘዘው። እርስዎ የታዘዙትን ይሥሩ፤ አለቀ።»

«ኤዲያ! የሐኪሙ አገር ገብስ አይበቅልም እንዴ?» አለችና መቀነቷን አጥብቃ ገባች። ተከትያት ገብቼ የቀረውን ብነግራት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ጀርባዋን ሳየው ግን ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቢቸና ሆኜ ሥራዬ አጃ ፍለጋ ሆነ። አጃ እንደ ሌላው እህል ገበያ መሐል አይቀመጥም፤ ዳር ላይ፣ ገለባና ጭድ ከሚሸጥበት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የኔ እመቤት፣ ስንት በቅሎ አለሽ?» አለችኝ።

«አንድም የለኝም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለሰው።»

አማተበች። «ኧረ በስማም! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብላ ጎረቤቷን ጠራች፤ ጎረቤቷም ሌላዋን። በሳምንቱ ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ። አስተማሪዋ ቸግሯት አጃ ትበላለች ተባለ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አንድ ባልደረባዬ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ተረተብኝ፤ ሁሉም ሳቁ። ይሳቁ! ምን አባታቸው! ለአባቴ ሕይወት ነው የምለፋው ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድሁ።

ልፋቱ ደግሞ ልፋት ነው። አጃ ልብሱን ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ካልገፈፉት ጉሮሮ ይቧጥጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አመስ አደርጋለሁ፣ በሙቀጫ እሸከሽካለሁ፣ በሰፌድ አበጥራለሁ፤ ገለባው ግን አልወጣ እያለ ያናድደኛል። መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ጠመኔ መያዝ ያቃተኝ ቀን ነበር። ከዚያ አስፈጭቼ፣ ጆንያውን ሰፍቼ፣ በጉንደ ወይን አድርገው ሞጣ ለሚሻገሩ ነጋዴዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ አስጭናለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አጃው ደርሷል፤ ተበልቶ አልቋል፤ ጨምሪ።» ጨምሪ ሲሉኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። አባቴ ለመዱት፣ እሰይ አልሁ። እንዲያውም ማስፈጨቱን ተዪው፣ ፍሬውን ላኪው የሚል መልእክት መጣ፤ እዚያው ትኩስ ትኩሱን ሊያስፈጩ ነው ብዬ እሱንም ወደድሁት።

ስለ ቅቤው ግን ትንፍሽ አላልሁም። ለገና ስሄድ እነግራቸዋለሁ አልሁ፤ ለገና እንግዳ በዛ። ለጥምቀት አልሁ፤ አልሄድሁም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በጾም ማን ቅቤ ይበላል ብዬ ተገላገልሁ።

ለፋሲካ ዕረፍት በሆሣዕና ሞጣ ገባሁ። አባቴን ሳያቸው እልል ማለት ነው የቀረኝ። ሆዳቸው ገብቷል፤ ፊታቸው ጠርቷል፤ ያችን ያንበረከከቻቸውን ዳገት አንዴም ሳያርፉ ወጧት። እኔ ወዲያው ለራሴ ምስጋና ሰጠሁ። ሁለት ወር ያህል ሽሮና ጎመን፣ ተልባና ሱፍ ሲበሉ መክረማቸው አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያየኝ፣ ያዳናቸው የእኔ አጃ ነው አልሁ። ለአክስቴ እንኳ «አዩ? ሐኪም ማለት እንዲህ ነው!» ብያታለሁ። እሷ ደግሞ ነገር እንዳላት ሴት ፈገግ አለች።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት፣ እንግዶች ተሰብስበው አባቴ ከበላይ ተቀምጠው ሳለ አክስቴ ከጓሮ በር ጠራችኝ። ፊቷ በርቷል። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። «ነዪ እዪ!» አለች። «ነዪ እዪ፤ ያንቺ አጃ ያደረገውን!»

በግ ነው። ሙክት። በግ ማለትስ እሱን! መራመድ አቅቶት ይንገዳገዳል፤ ላቱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ከኅዳር ጀምሮ ያንቺን አጃ ነው የበላው። አንዲት ፍሬ አልባከነችም» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ስጠይቃት ሁሉን ነገረችኝ። ለካ መጀመሪያ ሰሞን ገንፎ አድርጋ፣ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤ ሞልታ ታቀርብላቸው ነበር፤ ገንፎ ያለ ቅቤ የት አለ? አንድ ቀን የአባቴ ባልንጀራ የሆነ ዳኛ ሲገባ ገንፎ ፊት ተቀምጠው ያገኛቸዋል። «እንኳን ማርያም ማረችዎ! ወንድ ነው ሴት?» ይላቸዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አባቴ ዳግመኛ አልቀመሱትም። አክስቴም ወንድሟ እንደ አራስ ሲቀለድበት ማየት አንገብግቧት፣ እኔንም ላለማስቀየም ስትል የዘየደችው ይህን ነው።

«አጃ ብላ ነው የተባለው» አለችኝ ኮራ ብላ። «አጃውን በጉ በላ፤ በጉን እሱ ይበላል። ምን ጎደለ?»

እሪ አልሁ። እንግዳ አለ፣ ዓመት በዓል ነው አላልሁም። «አባቴን ሊገድሉ ነው! እኔ እጄ እስኪላጥ የሸከሸክሁትን መድኃኒት ለበግ! ለበግ!» እያልሁ ወደ አዳራሹ ገባሁ። እሷም ተከትላኝ ገባች። አባቴ ቢላዋ እንደያዙ ቀሩ። ፊታቸው ያለው ወጥ ከሌላ በግ የተሠራ ነው፤ ቅቤው ከላይ ይንጣለላል።

አክስቴ መሐል ላይ ቆመች። የመቀነቷን ቁልፍ አጥብቃ ጨብጣ ነበር። ንዴት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ፍርሃት ነው።

«እኔ አልተማርሁም» አለች። «ፈረንጅ ያለውን የሰማሽው አንቺ ነሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና እንግዲህ በሰው ፊት ንገሪኝ። ሐኪሙ በግ አይብላ ብሏል? ቅቤ አይብላ ብሏል? ብሎ እንደሆነ ንገሪኝ። ዛሬውኑ ፋሲካም ቢሆን ማጀቴን እዘጋለሁ፤ ቅል ሙሉ ቅቤ አለኝ፣ ለውሻ እደፋዋለሁ።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። አባቴም አዩኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አዎ ብል ግን የዋሸሁት እኔ ልሆን ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ደብቄ አባቴን ቅቤ ያበላኋቸው እኔ ልሆን ነው፤ ያውም በሷ ፊት፣ ያውም እሷ ጠይቃኝ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እናገር ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ ከእንግዶቹ አንዱ ቢጠይቀኝ እናገር ነበር! ለዚያች ሴት ግን አንደበቴ እንቢ አለኝ።

«አላለም» አልሁ። «አጃ ይብሉ ነው ያለው።»

አባቴ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከዚያ ሳቁ። «በሉ እንግዲህ! በፋሲካ የምን ሙግት ነው? ቁረሱ!» አሉ። አክስቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ማጀት ተመለሰች። አባቴ እኔን አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ከጮማው ቆርጠው፣ በእንጀራ ጠቅልለው «እንቺ የኔ ሐኪም» ብለው አጎረሱኝ። ጎረስሁ። አላምጬ ዋጥሁት።

ሙክቱ የታረደው በማግስቱ ነው። ከፋሲካ ወዲያ ሃምሳው ቀን ረቡዕ የለ ዓርብ የለ፣ ጾም የለም፤ ሁሉም ቀን ፍስክ ነው። እኔ ቢቸና ተመለስሁ። በየቀኑ ደብዳቤ ልጽፍ ወረቀት እያወጣሁ፣ ይህን ለአባት በደብዳቤ እንዴት ይጽፉታል እያልሁ መልሼ አስቀምጥ ነበር። ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ መርዶ መጣ። ሁለት ባላጋራዎች ፊታቸው አቁመው ነገር እየሰሙ ሳለ ደረታቸውን ያዙ አሉ፤ ውኃ እስኪመጣ አልቆዩም።

ለቅሶው ላይ ያደረግሁትን ሞጣ እስከ ዛሬ የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። አክስቴ ፊቷን ነጭታ፣ ደም በደም ሆና ደረቷን ስትደቃ ሰዉን ጥሼ ገባሁ። «አንቺ ነሽ የገደልሻቸው!» አልኋት። «መድኃኒቱን ለበግ ያበላሽ አንቺ ነሽ! አታልቅሺ! የገደለ አያለቅስም!» ሰው ይዞ አወጣኝ። ስወጣ ዞሬ አየኋት፤ ማልቀሷን አቁማለች። የነገርኋትን እንደ እውነት ተቀብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ቢቸና ቤቴ ተመልሼ ሳምንታት አለፉ። አርባው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከደጃፌ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከፊታቸው አክስቴ በጉልበቷ ተንበርክካለች። ከሞጣ በእግሯ ነው የመጣችው። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ድንጋዩ ትልቅ ነበር፤ አንገቷን ወደ መሬት ደፍቶት ፊቷ አይታይም።

በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን ታናሽ ነው። ታላቅ ለታናሽ ሲሸከም እኔ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹም አፍረው መሬት መሬት ያያሉ።

«ይቅር በዪኝ» አለች ከድንጋዩ ሥር። «አንቺ ለፍተሽ የላክሽውን መድኃኒት ለከብት ያበላሁ እኔ ነኝ። ወንድሜን የገደልሁት እኔ ነኝ። የነፍስ አባቴ ልጅቱ ይቅር ሳትልሽ ተዝካሩን እንዳትቀምሺ ብለውኛል። በድያለሁ። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

ልጄ ብላኝ አታውቅም ነበር። እግሯ ከመንገዱ ብዛት ቆስሏል። እኔ አፌን ከፈትሁ። ሦስት ሽማግሌ ምስክር፣ ጠዋት፣ ፀሐይ በሙሉ ዓይኗ ታየኛለች። «አክስቴ፣ ቅቤውን የደበቅሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር። ከዚያ የበለጠ ጊዜ እግዚአብሔር ለማንም አይሰጥም።

ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ከማጅራቷ አነሣሁላት። ከብዶኝ ደረቴ ላይ አስደግፌ መሬት አኖርሁት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኋት።

ጉልበቴን ይዛ ሳመችኝ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ትልቁ ሽማግሌ እንባው በጺሙ እየወረደ «ይህን ያህል በደል ይቅር ያለ ልብ! የአባቷ ልጅ! እንዲህ ያለውን ቅን ልቦና የሰጠሽ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው!» አለ።

«አሜን» አልሁ።